ግቡ ያልተባሉ ሽማግሌዎች

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት መጡ። ዝናቡ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

ወለላ በአጥሯ ቆርቆሮ ቀዳዳ አየቻቸው። ሦስት ናቸው። ከፊት አቶ አለሙ፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ያለ እሳቸው ንግግር የተቆረሰ የሠርግ ድፎ የለም ይባላል። በቀኛቸው ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ሸምሱ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ጨዋታ የማያጡ ሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተዋል። ከኋላ አቶ ሲሞን፣ የወለላ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። እሳቸው ጃንጥላ የላቸውም፤ ከመንገድ ዳር የኮባ ቅጠል ቆርጠው ራሳቸው ላይ ይዘዋል።

ለምን እንደመጡ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጇ ትሕትና ከገበያ ስትመለስ አራት ወንዶች ይዘው አይሱዙ ላይ ጫኗት። ገበያተኛው አየ። ጮኸች፤ ገበያተኛው ሰማ። መኪናው የቴፒን መንገድ ይዞ ወጣ። ከአራቱ አንዱ ጥበቡ ነው፣ የቡና ነጋዴው የአቶ ወርቅአፈራሁ ልጅ። ጥበቡ ትሕትናን ሁለት ጊዜ በሰው አስጠይቆ ሁለት ጊዜ እምቢ ተብሏል። እምቢ ያለችው ወለላ አይደለችም፤ ራሷ ትሕትና ናት። ዓመተ ምሕረቱ 1993፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር።

ወለላ ዓርብ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አመልክታለች። ቃሏን የተቀበላት ሳጅን አላመናጨቃትም። ሕጉን እንዳለ ነገራት።

«ጠለፋ ወንጀል ነው፣ እትዬ። ግን ልጅቷ ወዳ ከጠላፊው ጋር ከተጋባች ክስ የለም።»

«ወዳ መሆኗን የሚናገር ማነው?»

«ሽማግሌዎች ናቸዋ። ቤቷ ገባን፣ በላን ጠጣን፣ ታረቅን፣ ጋብቻ ሆኗል ብለው ይመጡልኛል። ልጅቷም አጠገባቸው ቆማ አንገቷን ትደፋለች።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሽማግሌ ቤትሽ ከገባ እኔ እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም።»

«ባይገባስ?»

«ካልገባ ጋብቻ የለም። የሚኖረው ጠለፋ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሲመጡ ላባርራቸዋ።»

ሳጅኑ ራሱን ወዘወዘ። «ካባረርሻቸው ልጅሽን ወደ ጫካ ያሳልፏታል። ያን ጊዜ እኔም አላገኛት።»

ከጣቢያው ስትወጣ ሥራዋን አውቃለች። ሽማግሌዎቹ መግባት የለባቸውም። መሄድም የለባቸውም።

ሽማግሌ ለልጅ ሲላክ በር ላይ ይቆማል። ቤተሰቡም ወዲያው ግቡ አይልም፤ ቶሎ ግቡ ያለ ቤት ልጁን አርክሷል ተብሎ ይታማል። ሽማግሌውም ይህን ያውቃል፤ ምርኩዙን ተክሎ ይጠብቃል። ግቡ ከተባለ፣ ገብቶ ከተቀመጠ፣ የቤቱን መጠጥ ከቀመሰ ግን ነገሩ አለቀ። የቀረው ጌጡ ነው። ወለላ ይህን የምታውቀው ከሰው ሰምታ አይደለም። የእሷም ጋብቻ የተሠራው እንዲሁ ነው።

የተወለደችው ማጂ አገር፣ ቱም ነው። አባቷ ከሰሜን መጥተው ማጂ ከሰፈሩ ሰዎች የተወለደ፣ እናቷ ግን የአገሩ ተወላጅ፣ ዲዚ ናት። አባቷ ቀድሞ ሞተ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት አንድ የጭነት መኪና ረዳት ከውሃ መንገድ ጠለፋት፤ ሽማግሌዎችም እሷን ደጅ በቆመው መኪና ውስጥ ትተው እናቷን ሊለምኑ ሄዱ፤ ከዚያ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር። የሚናገርላቸው ገና ያልሸበተ፣ ቃል የሚያሳምር ሰው ነበር። ጋብቻ እያለ ተናገረ፣ ጋብቻ እያለ ለመነ። የእናቷ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ለመግዣና ለመሸጫ እንጂ ለእንዲህ ያለው አልበቃም። «ጋብቻ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ደስ ብሎት አስረዳ። ጋብቻ ከመግባት ይመጣል፤ እኛ እናንተ ቤት፣ እናንተም እኛ ቤት።  እናቷ ሳትመልስለት ዝናብ ወረደ።

እሷ ያደገችበት ቤት እንግዳ ደጅ ቆሞ ዝናብ አይወርድበትም፤ ጠላት ቢሆን እንኳ። «ግቡ» አለች። ገቡ። በርዷቸዋል ብላ ቦርዴ ቀዳችላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ያ ሰው ተነሥቶ «እንግዲህ ተጋባን» አለ። ሌሎቹ መረቁ።

እናቷ እስክትሞት ድረስ «እኔ ግቡ ያልኩት ለዝናቡ ነው» ስትል ኖረች። ከወለላ በቀር የሰማት የለም።

ረዳቱ ሚዛን አመጣት። ክፉ ባል ነበር ቢባል ውሸት ነው፤ ደግ ነበር ቢባልም ውሸት ነው። ይሠራል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። ትሕትና ቆማ መሄድ ስትጀምር መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ወለላ ከዚያ በኋላ ቡና መጋዘን ለቃሚ ሆነች፤ ከሴቶች ጋር መሬት ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ዓመታት ሄዱ። ኋላ መናኸሪያው አጠገብ ለሾፌሮች ምግብ መሸጥ ጀመረች። ሾፌር ሲበላ ያወራል። ትናንት ማታም አንዱ ሽሮውን ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ ነገራት፦ «ልጅሽ ከሸኮ ወዲያ ነው ያለችው፣ የወርቅአፈራሁ የቡና እርሻ ላይ ካለው ቤት። በር ላይ ሰው አቁመዋል። አይቻታለሁ። ደህና ናት፤ ብቻ አልቅሳ ድምጿ ጠፍቷል።»

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው።

ቤት ውስጥ ወንድሟ አስረስ ነበር። ማሻ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ነገሩን ሰምቶ ቅዳሜ የደረሰ ሰው ነው። ሰው ቆሞ ካየ ወንበር መፈለግ ይጀምራል። አሁንም ፈልጎ አግኝቷል፤ ሦስት ወንበሮች ደርድሮ ብርጭቆ እየወለወለ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ብርጭቆ ተወው» አለችው።

«ለሚመጣው ነገር እኮ ነው።»

«የሚመጣ ነገር የለም። አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥልኝ።»

ወጥታ የአጥሩን በር ፊቷ እስኪታይ ያህል ከፈተችው።

«እንደምን አደራችሁ፣ ቤቶች» አሉ አቶ አለሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ አለሙ። እናንተ እንደምን አደራችሁ?»

«እስካሁን ደህና ነን» አሉ ሀጂ ሸምሱ። «ዋናተኛ ሆነን ካልተመለስን።»

አልሳቀችም። ሀጂ ሸምሱም ጃንጥላቸውን አስተካከሉ።

«ወለላ ልጄ» አሉ አቶ አለሙ፤ ድምፃቸው የሠርግ ድምፅ ነው፣ ከዳስ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ። «የመጣነው ለነገር ነው። ነገር ደግሞ ቁጭ ተብሎ ነው።»

«ቆሞም ይነገራል፣ ጋሽ አለሙ። እኔም ቆሜያለሁ።»

«ደግ። መቆም ያለ ነው፤ እንቆማለን። ልጆች አጥፍተዋል። አላጠፉም ብለን አልመጣንም። ጥበቡ አጥፍቷል፣ አባቱም አዝኗል። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ልጄ ውሃ አይደለችም።»

«አይደለችም። እኔስ መቼ አልኩ? እሺ ይበልጣል ከሺ ነው የምልሽ።» ምርኩዛቸውን ወደ ጭቃው ጠለቅ አድርገው ተከሉት። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልንገርሽ። ጋብቻ ማለት ምን ማለት ነው? ከመግባት የመጣ ነው። ገባ፣ ተጋባ፣ ጋብቻ። አባቶቻችን ሲሰይሙት ፍቅር አላሉትም፣ ድግስ አላሉትም። መግባት ነው ያሉት። እኛ ወደ አንቺ ቤት፣ አንቺ ወደ እኛ ቤት። ዛሬ እኛ ደጅ ከቀረን ልጅቷስ የት ገባች ትባላለች? ሜዳ ላይ ቀረች ነው የሚባለው።»

ከቤት ውስጥ የአስረስ ድምፅ መጣ። «እሱስ እውነታቸውን ነው። የቃሉ ሥር እንደዚያ ነው።»

«ወንድም ጋሼ!»

«እኔ የቃሉን ነው ያልኩት።»

ወለላ ወደ አቶ አለሙ ዞረች።  ይህን ቃል በቃል ሰምታዋለች። ያኔ ተናጋሪው ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«መግባት ካሉ፣ የሚገባ ሰው በእግሩ ነው የሚገባው» አለች። «ልጄን ተሸክመው ነው የወሰዷት።»

«በእኛ ዘንድ ኒካህ ሲታሰር» አሉ ሀጂ ሸምሱ፣ ከነገሩ መሃል ለመግባት ያህል፣ «ልጅቱ ትጠየቃለች። ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው ይባላል።»

«ዝም አላለችም፣ ሀጂ። ጮኻለች። ሱቅዎ ገበያው አፍ ላይ ነው።»

ሀጂ ሸምሱ ጃንጥላቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። 

አቶ አለሙ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ድምፃቸውን ከሠርግ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ አወረዱት። «ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ አይደለሁም የምልሽ፤ ያሉኝን ነው። መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ቆሟል። እኛ እንዲሁ ከተመለስን ልጆቹ ቴፒን አልፈው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ጫካ መሆኑን ታውቂያለሽ። በዓመቷ ልጅ ታቅፋ ነው የምትመጣልሽ። ያን ጊዜ ግቡ ብትይ ምን ያደርግልሻል?»

ወለላ የበሩን ጠርዝ ያዘች። ሂዱ ለማለት አፏ ተከፍቶ ነበር። ዘጋችው።

«ሂዱ አላልኩም» አለች።

«ግቡም አላልሽ።»

«ግቡም አላልኩ።»

ዝናቡ ጨመረ። የሚዛን ዝናብ ሲጨምር ይጮኻል፤ በቆርቆሮው ላይ ሌላ ነገር አያሰማም። ውሃው ከመንገዱ ላይ ቀይ ጭቃ ይዞ በሽማግሌዎቹ እግር መሃል አለፈ። የአቶ ሲሞን ኮባ ለሁለት ተሰንጥቆ ውሃውን በአንገታቸው ላይ አወረደው። ሰውየው ግን አልተንቀሳቀሱም። የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ሳል አለባቸው። ሳሉ።

አስረስ ይህን አልቻለም። ከቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሟል፣ ብርጭቆው በእጁ ነው። ሳሉን ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ። ማንም ሳያስበው፣ ራሱም ሳያስበው አፉ ተናገረ።

«ኧረ ግቡ!»

ቃሉ ወጣ። ወለላ ሲወጣ ሰማችው፤ እናቷን በወንድሟ ድምፅ የሰማች መሰላት። የአቶ አለሙ ምርኩዝ ከጭቃው ተነቀለ። ቀኝ እግራቸው ተነሣ።

ወለላ ወደ ውስጥ አልተመለሰችም፤ ወደ ፊት ሄደች። በጠባቡ በር ስትወጣ አቶ አለሙ እንዳይነኳት እግራቸውን መልሰው ወደ ኋላ አሉ። በሩን ከኋላዋ ሳበችው፤ ሰንሰለቱን በቀዳዳው አሾልካ ከውጭ ቆለፈች። ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ከተተች።

«ቤቱ የኔ ነው» አለች።  «ወንድሜ እንግዳ ነው፤ እንግዳ እንግዳ አይጋብዝም። ባለቤቷ ደግሞ ውጭ ናት። ባለቤት ከሌለበት ቤት የሚገባ ሽማግሌ አላውቅም።»

ከውስጥ ቆርቆሮው ተንኳኳ። «ወለላ? አንቺ ወለላ!»

«ቆለፈችበት» አሉ ሀጂ ሸምሱ። «አላህን፣ ቆለፈችበት።»

«ውስጥ ሆኖ ግቡ ይበል እንግዲህ» አለች።

ራሷ ላይ ነጠላ ብቻ ነው ያለው። ወዲያው ጠጥቶ ፀጉሯ ላይ ተጣበቀ። ሀጂ ሸምሱ ጃንጥላቸውን ዘረጉላት። ራሷን ወዘወዘች። እንደገና ዘረጉ፤ ወደ ጎን ተራመደች።

እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ቆሙ፤ ከዚያ አንድ ቤተሰብ፤ ከዚያ የማይቆም ጠፋ። የሚያዩት ነገር ለማንም ግልጽ ነበር። ልጇን የተቀማች መበለት ከገዛ ደጇ ውጭ በዝናብ ተመትታ ቆማለች። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ከበዋታል፣ አንዱ ጃንጥላ ይዟል።

«ምን አድርጋቸው ነው ያስወጧት?» አለች አንዲት ሴት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

አቶ አለሙ ሰሙ። ሽማግሌን በር ላይ ማቆም ቤቱን የሚያስከብር ነገር ነው፤ ሽማግሌውን አያዋርድም። ባለቤቷ አብራ ከቆመች ግን ምን እንደሚባል በኖሩበት ዘመን አልገጠማቸውም። ግራና ቀኝ አዩ። አቶ ሲሞን የተሰነጠቀውን ኮባ መሬት ጥለው ባዶ ራሳቸውን ቆመዋል።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሉ አቶ አለሙ።

«ልጄ ትምጣ። ብቻዋን በዚህ በር ትግባ። ከገባች በኋላ እናንተ ከዚህ ሆናችሁ ጠይቋት። እሷ ግቡ ካለቻችሁ እኔ አልከለክልም፤ ወንበር አውጥቼ እግራችሁን አጥባለሁ።»

«እሷ ግቡ ካለች?»

«እሷ።»

አቶ አለሙ አሰቡ። ልጅቷ ሦስት ሌሊት ከቤት ውጭ አድራለች። እንዲህ ያለች ልጅ ሰው ፊት አንገቷን ትደፋለች እንጂ እምቢ አትልም፤ ብዙ አይተዋል። ስለዚህ አልፈሩም።

«ይሁን» አሉ።

«ይማሉልኝ።»

ከሕዝቡ መሃል ጉርምርምታ ተሰማ። ሽማግሌ ማሉ አይባልም። አቶ አለሙ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዝናቡ ነጭ ፀጉራቸውን መታው። «ብቻዋን ትገባለች። ካልሆነ ይህ ሽበት ይዋረድ» አሉ።

አቶ ሲሞን መልእክቱን ይዘው ወደ አቶ ወርቅአፈራሁ ቤት ወረዱ። ልጅቷን ሌሊቱን ወደ ከተማ አምጥተዋት ኖሯል፤ የዕርቁን ማለቅ ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ይህን ለወለላ የነገሯት ሀጂ ሸምሱ ናቸው።

ጠበቁ። ሕዝቡም ጠበቀ።

«ጋሽ አለሙ» አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች። «ቱም ሄደው ያውቃሉ?»

«ያልሄድኩበት የለም።»

«ለአንድ የመኪና ረዳት ልጅ ለምነዋል። አንዲት የዲዚ ሴት ጋብቻ ምንድን ነው ብላ ጠይቃዎታለች።»

ሽማግሌው ፊታቸው ላይ ያለውን ውሃ በመዳፋቸው ጠረጉ። «ምን አልኳት?»

«ዛሬ ያሉኝን።»

 

አይሱዙው ጥሩምባውን እያሰማ መጣ። ጥሩምባውን ስትሰማ ወለላ አንድ ነገር እንደተበላሸ አወቀች። ለሽምግልና የሚመጣ መኪና ጥሩምባ አይነፋም።

መጀመሪያ አቶ ወርቅአፈራሁ ወረዱ፣ አዲስ ካፖርት ለብሰዋል። ቀጥሎ ጥበቡ በሙሉ ልብስ። ከዚያ ትሕትና። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አልብሰዋታል፤ ቀሚሱ ይሰፋታል፣ የሌላ ሰው ነው። ጥበቡ የእጇን አንጓ ይዟል። ከኋላ አቶ ሲሞን ወረዱ፤ አንድ ሰውም በግ ይጎትታል።

ወለላ በጉን ስታይ ገባት። መልስ ሊያደርጉት ነው። ሙሽራና ሙሽሪት ከሠርግ በኋላ አብረው ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት ሲመለሱ የሚገቡት እንዲህ ነው፤ ተያይዘው፣ በግ አስከትለው። ሁለቱ አንድ ላይ በዚያ በር ካለፉ ጥያቄም መልስም አያስፈልግም። ሕዝቡ ራሱ ምስክር ነው።

«እልል በሉ እንጂ!» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ።

አንዲት ሴት ጀመረች፤ ማንም ስላልተከተላት ግማሽ ላይ ተወችው።

ወለላ ቁልፉን ከመቀነቷ አወጣች።  በሩን ከፈተች። አስረስ ከውስጥ ቆሞ ነበር፤ ምልክት ስትሰጠው ወደ ኋላ አለ።

«ትሕትና» አለች። «ነይ ግቢ።»

ልጅቷ ተራመደች። ጥበቡም ተራመደ።

«ብቻዋን» አለች ወለላ።

«ከነባሏ ነው የምትገባው» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። «ለልጅሽ ክብር ይዘን መጣን፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ግባ አንተ!»

ጥበቡ ልጅቷን ወደ በሩ ገፋ አደረጋት። ወለላ መሃል ለመግባት ስትሞክር በጉን የያዘው ሰው ትከሻዋን ያዛት። ሕዝቡ ተነቃነቀ፤ ግን ማንም አልደረሰም።

የደረሰው ምርኩዝ ነው። አቶ አለሙ በሩ ላይ አጋደሙት፤ ጫፉን አንዱ መቃን ላይ አሳረፉ፣ እጀታውን በእጃቸው ያዙ። በጥበቡ ደረት ትክክል ነበር።

«እጇን ልቀቅ» አሉ።

«አባባ፣ እኛ እኮ ነን የላክንዎ» አለ ጥበቡ፣ እየሳቀ።

«ላካችሁኝ። ቃል ሰጠሁ። ልቀቅ።»

«አቶ አለሙ» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ለማን ነው የቆሙት?»

«ለማንም። ሽበቴን አስይዣለሁ። ልጅህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሊረግጠው ነው?» ድምፃቸው እንደገና ከዳስ ጫፍ እስከ ጫፍ ሆነ። «የሚገፋው ይግፋው። ምርኩዜን ይስበረውና ይግባ።»

የሽማግሌ ምርኩዝ የሚገፋ ሰው በዚያ አገር ለለቅሶውም ሰው አያገኝም። ጥበቡ ይህን ያውቃል፤ አባቱም ያውቃሉ። ሀጂ ሸምሱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ከአቶ አለሙ ጎን ቆሙ። ሕዝቡ አንድ እርምጃ ቀረበ። የጥበቡ ሳቅ ጠፋ፤ ጣቶቹ ላሉ።

ትሕትና እጇን ነጥቃ ጎንበስ አለች። ከምርኩዙ በታች አለፈች። ቀሚሱ መቃኑ ላይ ተይዞ ተቀደደ፤ አልዞረችም። ወለላም ትከሻዋን አስለቅቃ ተከተለቻት።

አቶ አለሙ ምርኩዙን ሳያነሡ ወደ ውስጥ ተጣሩ። ቃላቸው ይህኛውንም ግማሽ ይይዛልና። «ልጄ ትሕትና። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቅሻለሁ። ግቡ ትይናለሽ?»

ልጅቷ ዞረች። ለመናገር ሞከረች፤ ድምፅ አልወጣትም። አንገቷን ግን አልደፋችም። ወደ በሩ ተመልሳ የቆርቆሮውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች፣ የሽማግሌውን ዓይን ዓይን እያየች። አቶ አለሙ ምርኩዛቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በሩን ዘጋችው። መወርወሪያውም ሲገባ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ውጭ ለጥቂት ጊዜ ጩኸት ነበር፤ የአቶ ወርቅአፈራሁ ድምፅ፣ የሀጂ ሸምሱ ድምፅ፣ የበጉ ድምፅ። ከዚያ አይሱዙው ተነሣ። አሁን ጥሩምባ አልነፋም።

ቤት ውስጥ የአስረስ ሦስት ወንበሮች እንደተደረደሩ ናቸው። ትሕትና አንዱ ላይ ተቀመጠች። ከቀሚሱ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። አስረስ በወለወለው ብርጭቆ ውሃ ሰጣት። ምን እንደሚል ስላላወቀ «ቀስ ብለሽ ጠጪ» አላት።

ወለላ ፊት ለፊቷ ቆመች። ልታቅፋት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ልጅቷ ትከሻዋን ስትሰበስብ መለሰችው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማ» አለች ትሕትና። ድምጿ ሻካራ ነው፣ እንደ አሮጊት። «ጣቢያው እሑድ ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ልብስ ልቀይር።»

«አትቀይሪው። ሳጅኑ እንዲህ እንዳለሽ ይይሽ።»

ልጅቷ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። ውሃዋን ጨረሰች።

በሩን ሲከፍቱ ዝናቡ አባርቷል። ሰው ተበትኗል፤ ሀጂ ሸምሱና አቶ ሲሞንም ሄደዋል። አቶ አለሙ ብቻ ያኔ ከቆሙበት ቦታ ቆመዋል፣ ምርኩዛቸው ጭቃው ውስጥ ነው።

«ጋሽ አለሙ፣ አሁንም ግቡ አልልዎትም» አለች ወለላ።

«አልጠየቅኩሽም።» ባርኔጣቸውን ጨምቀው ደፉት። «ሂድም ስላላልሽኝ ነው የቆምኩት።»

«ጣቢያ ነው የምንሄደው። ሳጅኑ የሽማግሌ ቃል ይፈልጋል።»

ሽማግሌው መንገዱን ቁልቁል አዩ። ከዚህ በኋላ ወርቅአፈራሁ ቤት እንደማይጠሩ ያውቃሉ፤ የወርቅአፈራሁ ዘመዶች ሠርግም አይጠራቸውም፣ ያ ደግሞ የከተማው እኩሌታ ነው።

«የጠየቀኝን እመልስለታለሁ» አሉ። «ያልጠየቀኝን አልናገርም።»

«ይበቃል።»

ምርኩዛቸውን ነቀሉ። እሳቸው ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ ሆነው ወረዱ። አስረስ በሩ ላይ ቀረ። ማንም ሰው ቢመጣ አፉን እንዳይከፍት ወለላ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃዋለች።